ዘንገና ላይ ያነሣሁት ጥያቄ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራበት በኅዳር ወር ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሞትን በቅርብ ስላየሁ ብቻ አይደለም። አንድን ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ስጠረጥር ከርሜ፣ መጠርጠር የነበረብኝ ሌላ ሰው እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ስለሆነ ነው።

ስሜ ብዙአየሁ ነው። እንጅባራ ተወልጄ ያደግሁ የደን ባለሙያ ነኝ። ተጠራጣሪ መሆኔን የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። የወረስኩት ከእናቴ ነው። እናቴ አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ ከሰል እየገዛች ለነጋዴዎች ታስረክብ ነበር። አንድም ማዳበሪያ ሳትገለብጥ ገዝታ አታውቅም። ከላይ ጥሩ ጥሩው ከሰል ይደረደራል፣ ከሥር አፈርና ድቃቂ ይሞላበታል። «ከላይ ያማረ ነገር ካየሽ እጅሽን እስከ ታች ስደጂ» ትለኝ ነበር። እኔም ከከሰል አልፌ ሰው ላይ እጄን እስከ ታች መስደድ ለመድኩ።

በዚያ ዓመት በአካባቢያችን ያለው ዲከረንስ ታመመ። ዲከረንስ የእኛ አገር ገበሬ ከሰል የሚያከስልበት፣ ልጁን የሚያስተምርበት፣ ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብስበት ዛፍ ነው። ቅጠሉ እየጠወለገ፣ ግንዱ ሳይወፍር በቁሙ ይደርቅ ጀመር። በእግራችን ብንዞር ብንዞር አላልቅ ስላለን፣ በሽታው የት የት እንደደረሰ ከአየር ላይ እንዲታይ ተወሰነ። ለዚህም አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተከራየን። ባለ አራት ወንበር ናት፤ አንድ ሞተር አፍንጫዋ ላይ አላት፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ክንፍ ያወጣች ባጃጅ ትመስላለች። ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሜዳ ተጠረገላት፤ ሆዷ ሥር ካሜራ ተገጠመላት። የእኔ ሥራ ከአብራሪው አጠገብ ተቀምጬ የታመመውን ደን ከካርታው ጋር እያመሳከርኩ ምልክት ማድረግ ነበር።

አብራሪያችን ካፒቴን ሳሙኤል ይባላሉ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሲራመዱ ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ሁላችንም ያረፍነው ዳንግላ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። በደረሱበት ዕለት ራት ስንበላ ከደረት ኪሳቸው አንዲት ክኒን አውጥተው በውሃ ዋጡ። እያየኋቸው መሆኑን ሲያውቁ ማሸጊያውን ቶሎ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ደህና ነዎት ካፒቴን?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ» አሉና ወደ ምግባቸው ተመለሱ።

ሰው ደህና ከሆነ ክኒን አይውጥም፤ ቢውጥም አይደብቅም። ይህን እያብሰለሰልኩ ተኛሁ።

በነጋታው ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ካፒቴን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆመው ስልክ ያወራሉ። አላዩኝም። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚናገሩት።

«አልነግራቸውም አልኩሽ እኮ! ምን ብዬ ልንገራቸው? ይህን ነገር ካወቁ ማን ነው አብሮኝ የሚሳፈረው?»

ፊቴን ሳልታጠብ ተመለስኩ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ደግሞ የባሰ ነገር አየሁ። ካፒቴን አውሮፕላኗን እየዞሩ ክንፏንና ጭራዋን በእጃቸው ዳበሱ። ከነዳጁ ጥቂት በብልቃጥ ቀድተው ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። ገብተን ከተቀመጥን በኋላ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አወጡና በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡ ጀመር። አንዱን ነገር ነክተው ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ፤ ሌላውን ነክተው ይመለሳሉ። የመኪናችን ሹፌር ደሴ ይህን ያህል ዓመት ሲነዳ፣ መኪና ለማስነሣት ወረቀት ሲያነብ አይቼው አላውቅም።

«ካፒቴን፣ ስንት ዓመት አብርረዋል?» አልኳቸው።

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እንደተከሉ፣ ቀና ሳይሉ «ቆይ» አሉኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እንደገና አነበቡት። ጥያቄዬን የመለሱልኝ ሲጨርሱ ነው።

«ሃያ ስድስት ዓመት።»

በልቤ «ውሸት» አልኩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚኝ ብዙአየሁ። ስንነሣ፣ ስንወርድ፣ ደግሞም ዝቅ ብዬ ስዞር አታናግሪኝ። እጄን እንዲህ ካነሣሁ» ብለው መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ፣ «የጀመርሽውን ቃል እንኳ አትጨርሽው። እሳት ካላየሽ በቀር።»

«እሺ» አልኳቸው። ነገር ግን ለእኔ «ዝም በይ» የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ቀን በረራ በፋግታ ለኮማ በኩል ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድም እንከን አላገኘሁበትም። ከላይ ሲታይ የታመመው ደን አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ቡና የፈሰሰ ይመስላል። እኔ ካርታዬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ እሳቸው ወደፊት፣ ወደ ጎን፣ ፊታቸው ወዳሉት ሰዓት መሳይ መለኪያዎች እያፈራረቁ ያያሉ። ካፒቴን ሜዳው ላይ ሲያሳርፏት መንኰራኩሩ መሬት መንካቱን እንኳ አላወቅሁም። ያ ግን አላረጋጋኝም። ከላይ ያማረ ነገር ነበር ለእኔ።

ወደ ሆቴል ስንመለስ የሰማሁትንና ያየሁትን ለደሴ ነገርኩት። ደሴ መኪናውን ቀስ አደረገና አየኝ።

«አንቺም ሰምተሻል ማለት ነው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ነዳጅ ጭነው የመጡት ልጆች ሲያወሩ ነው የሰማሁት። እኒህ ካፒቴን ከዚህ በፊት አውሮፕላን ይዘው ወድቀዋል። ሰውም ሞቷል ይባላል። እግራቸውን አላየሽም?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የተገጣጠመልኝ መሰለኝ። እግሩ፣ ክኒኑ፣ የስልኩ ወሬ፣ ወረቀቱ። ሰውዬው ታማሚ ናቸው፤ የማስታወስ ችግር አለባቸው፤ ሰው ገድለዋል፤ ይህንንም ደብቀው እኔን አሳፍረውኛል። እንዲህ ብዬ ደመደምኩ።

ታዲያ ለምን አልቀረሁም? እላችኋለሁ። ያን ካርታ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ገበሬው በየቀኑ እየመጣ «ዛፋችንን ምን እናድርገው?» ይለናል። ደግሞ «ፈራች» መባልን ጠላሁ። ሁለተኛው ቀን በጫግኒ መስመር ስንበር ዓይኔን ከካፒቴን እጅ ላይ አልነቀልኩም። ካርታዬ ላይ ያደረግሁት ምልክት እንኳ ግማሹ ስሕተት ነበር፤ በኋላ ማረም ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ሲዞሩ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት መዳፋቸውን አነሡ። ዋጥኩት። መሬት ላይ ስንወርድ ልጠይቃቸው እችል ነበር። አልጠየቅኩም። ፊታቸውን አይቼ «እውነቱን አይነግሩኝም» አልኩ።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃዬ አቶ ምንይችል ከእንጅባራ መጡ። አቶ ምንይችል ጨዋታ የሚወዱ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ እንዲሰማቸው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ጥርጣሬዬን ነገርኳቸው።

«አንቺ ደግሞ! ሰው መጠርጠር ሥራሽ ነው» አሉና ሳቁ። «ነገ እኔም አብሬያችሁ እበራለሁ። ያደግሁበትን መንደር ከላይ አይቼው አላውቅም።»

ሦስተኛው ቀን የእንጅባራና የዘንገና ተራ ነበር። አቶ ምንይችል ከኋላ ተቀመጡ። ሦስታችንም ጆሯችን ላይ ማዳመጫ፣ አፋችን ላይ ማይክ አድርገናል፤ አንዱ የሚናገረውን ሁሉም ይሰማል። ካፒቴን የዝምታውን ሕግ ለእሳቸውም ነገሯቸው።

«እንዴ ካፒቴን፣ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» አሉ አቶ ምንይችል።

ካፒቴን አልሳቁም።

ገና እንደተነሣን አቶ ምንይችል ማውራት ጀመሩ። «ይኼ የማን ደን ነው? ያቺ ቆርቆሮ ያቺ ትምህርት ቤታችን ናት! ብዙአየሁ፣ አየሽው?» ካፒቴን ሁለት ጊዜ መዳፋቸውን አነሡ። አቶ ምንይችል ለጥቂት ጊዜ ዝም ይሉና መልሰው ይጀምራሉ። የካፒቴን ግንባር ላይ ላብ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የታመመ መሰለኝ እንጂ የተቸገረ አልመሰለኝም።

ዘንገና ሐይቅ በቀኝ በኩል ብቅ አለ። ዙሪያውን ደን ከቦት፣ ክብ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአቶ ምንይችል መንደር ከዚያ አለፍ ብሎ ነው።

«ካፒቴን፣ እዚያች ላይ አንድ ዙሩልኝ» አሉ አቶ ምንይችል።

«በዛሬው መስመራችን ላይ የለችም።»

«ደኑ እዚያም ታሟል እኮ! ሥራ ነው።»

ካፒቴን ጥቂት አሰቡና «አንድ ዙር። ከዚህ በላይ ግን ዝቅ አልልም» አሉ።

መዞር ጀመርን። የእኔ ክንፍ ወደ መሬት ዘንበል አለ። አቶ ምንይችል በስልካቸው ቪዲዮ እያነሡ በሁለታችን ወንበር መካከል ወደፊት ተንጠራሩ። «ትንሽ ዝቅ! ትንሽ ብቻ! የአባቴ ቤት አይታይም!» ይላሉ። ካፒቴን ዝቅ አሉ። እስከ ዛሬ ለምን እሺ እንዳሏቸው አላውቅም። ምናልባት የሚከፍለው አለቃ ስለሆነ ነው፤ ምናልባትም አቶ ምንይችል ዝም እንዲሉላቸው ነው። መዳፋቸው አሁን ወደ ላይ ተነሥቷል። ዝም በሉ ማለት ነው።

እኔ ግን መዳፋቸውን ሳይ ሌላ ነገር አየሁ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። ሰውዬው ሊጥሉን ነው አልኩ። አሁን ካልጠየቅኩ መቼ ልጠይቅ ነው አልኩ።

«ካፒቴን» አልኩ በማይኩ፣ «ከዚህ በፊት አውሮፕላን ይዘው ወድቀዋል ይባላል። እውነት ነው? ሰው ሞቷል?»

ካፒቴን ዞረው አዩኝ።

አልተቆጡም። ፊታቸው ደም እንደሌለው ሆነ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ቀረ። ስንት ጊዜ እንደሆነ መናገር አልችልም፤ ምናልባት ሦስት ጊዜ ብተነፍስ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ወደፊት የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። አቶ ምንይችል ስልካቸውን ያያሉ፣ እኔ ካፒቴንን አያለሁ፣ ካፒቴን እኔን ያያሉ።

የአውሮፕላኗ አፍንጫ ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ቀና ሲል አላወቅንም። በመጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ የተለወጠ መሰለኝ። ቀጥሎ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጩኸት ተሰማ። እንደ ሕፃን መጫወቻ ጥሩምባ ያለ ነው። ወንበሬ በጠጠር መንገድ እንደሚሄድ ሚኒባስ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የታችኛው ክንፍ፣ የእኔ ክንፍ፣ ሥሩ እንደተነቀለ ሁሉ ቁልቁል ወረደ።

ካፒቴን መሪውን ወደፊት ገፉት። ወደ መሬት! የአውሮፕላኗ አፍንጫ ተደፋ፤ በመስታወቱ ሰማይ ጠፍቶ ዛፍ ብቻ ሆነ። አቶ ምንይችል «ወደ ላይ! ወደ ላይ! ኧረ ወደ ላይ!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔም ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሰውዬው ሆን ብለው ሊገድሉን ነው። በእኔም ፊት ለፊት ያለውን፣ ከእሳቸው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀሰውን መሪ በሁለት እጄ ያዝኩት። ወደ እኔ ልስበው ነበር።

«እጅሽን!» አሉ ካፒቴን። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ለምን እንደታዘዝኳቸው እግዚአብሔር ያውቃል። ለቀቅሁት።

ከሥራችን በእግር መንገድ ላይ እንጨት ተሸክማ የምትሄድ አንዲት ሴት ነበረች። ሸክሟን ጥላ መሬት ላይ በደረቷ ስትተኛ አየኋት። የነጠላዋን ጥለት ቀለም እስካሁን መናገር እችላለሁ። ያ ቀጭን ጩኸት ድንገት ቆመ። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ አገሳ፤ ክንፉ ቀና አለ፤ ከዛፎቹ ጫፍ ላይ እንደ ምንም ተነሥተን ሐይቁን አቋርጠን ወጣን።

ካፒቴን በቀጥታ ወደ ዳንግላ መለሱን።

ካፒቴን አውሮፕላኗን አሳርፈው ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ያችን ወረቀት አወጡና እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡ። አቶ ምንይችል ግን በሩን ከፍተው ዘለው ወረዱ፤ ሣሩ ላይ አስታወኩ። ቀና ሲሉ ያሉት ይህን ነው፦ «ይህን ሰውዬ አሳየዋለሁ!»

ከምሳ በኋላ አቶ ምንይችል ሆቴሉ በረንዳ ላይ ጠሩኝ። በእጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አንብቢና ከሥር ፈርሚ። አንቺ ምስክር ነሽ። አንቺ ራስሽ ነግረሽኝ ነበር እኮ፤ ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ።»

አነበብኩት። «አብራሪው ያለ ምንም ምክንያት አውሮፕላኑን ወደ መሬት ደፍቶ ሕይወታችንን አደጋ ላይ ጥሏል» ይላል። የአባታቸው ቤት የለበትም። «ትንሽ ዝቅ» የለበትም። የእኔም ጥያቄ የለበትም። ደብዳቤው ቆንጆ ነው፤ ጽሑፉ ያምራል። እጄን እስከ ታች ስሰድ አፈር ሆኖ አገኘሁት። ያን ጊዜ ነው ጥርጣሬዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን የቀየረው።

«አቶ ምንይችል፣ መንደርዎን እንድንዞር ያሉት እርስዎ ነዎት። በዙሩ መሐል ካፒቴንን ያናገርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህ ደብዳቤው ውስጥ የት አለ?» አልኳቸው።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ፈርሚ ነው ያልኩሽ።»

«እንዲህ ሆኖ አልፈርምም።»

ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ። ደሴን ለምኜው ወደ ሜዳው ወሰደኝ።

ካፒቴን ክንፉ ጥላ ሥር፣ የነዳጅ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ባስቀመጡት ደብተር ይጽፋሉ። ያመማቸውን እግር ዘርግተውታል። ክኒኑን አሁን ሳይደብቁ ዋጡ።

«ለእግሬ ሕመም ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ራት ላይ ስታይኝ አውቄያለሁ።»

አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝና ነገሩን ሁሉ አወሩልኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከሌላ አገር፣ ከእንዲህ ያለ ሜዳ ሲነሡ አብሯቸው የነበረው ጓደኛቸው፣ መካኒክ ነው፣ በእሱ በኩል ያለው በር በደንብ አልተዘጋም ኖሮ ብርግድ አለ። ነፋሱ ገባ፤ ወረቀት ተበተነ፤ ጓደኛቸው «በሩ! በሩ!» አለ። ካፒቴን በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው በሌላው በሩን ለመሳብ ተንጠራሩ። ገና ከመሬት ብዙም አልራቁም ነበር። ቀና ሲሉ ዘገዩ። በቆሎ ማሳ ላይ ወደቁ። የእሳቸው እግር ተሰበረ፤ ጓደኛቸው ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

«የሚገርምሽ» አሉኝ፣ «በሩ ክፍት ሆኖም አውሮፕላኗ ትበር ነበር። ዞሬ አሳርፌ፣ ወርጄ እዘጋው ነበር። ሰውየውን በሩ አልገደለውም። እኔ ወደ በሩ ማየቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንዳይበሩ ተከልክለው፣ ተመርምረው፣ እንደገና ተፈትነው ነው የተመለሱት። ወረቀቱን በጣት እየተከተሉ ማንበብ፣ አንድ ሰው ካናገራቸው ከመጀመሪያው መጀመር፣ የዝምታው ሕግ፣ ሁሉም የመጣው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። በስልክ ሲያወሩ የነበረውም ከባለቤታቸው ጋር ነው። «ለምን አስቀድመህ አትነግራቸውም? ቢያውቁ ዝም ይሉልህ ነበር» ስትላቸው ነበር።

«እና ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። በዚያ ሁሉ መሐል አሁንም ትንሽ ንዴት ነበረብኝ።

«ብነግርሽ ትሳፈሪ ነበር?»

መዋሸት አቃተኝ። «አልሳፈርም ነበር።»

«እኮ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ካፒቴን ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና ቆዩ። ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

«ያን ጊዜ ወደ መሬት የገፉት ለምንድን ነው?» አልኳቸው በኋላ።

«ፍጥነት ሲያልቅባት እንደሰማሽው ትጮኻለች፤ ክንፏም መሸከም ያቅተዋል። አፍንጫዋን ደፍተሽ ፍጥነት ካልሰጠሻት ትወድቃለች። እዚህ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ይብስባታል። መሪውን ስበሽው ቢሆን ኖሮ…» ብለው ተዉት።

የሚጽፉትን ደብተር ሰጡኝ። ለድርጅታቸው የሚላክ ሪፖርት ነው። «ዝቅ ብዬ ስዞር ዓይኔን ከፊቴ አነሣሁ። ለመንደር ጉብኝት ዝቅ ማለት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። የእኔ ስም የትም የለም። የአቶ ምንይችልም የለም።

«እኔስ?» አልኩ።

«ተሳፋሪ ይናገራል፤ ይጠይቃል፤ ይፈራል። አለመመለስ የእኔ ሥራ ነው።»

በዚያው ዕለት ለድርጅታቸው ደውለው ሌላ አብራሪ እስኪላክ እንደማይበሩ ተናገሩ። እኔም እንጅባራ ስመለስ የሆነውን በሙሉ፣ ጥያቄዬንና መሪውን መያዜን ጭምር፣ በራሴ ስም ጽፌ አስገባሁ። አቶ ምንይችል ለብዙ ወራት ሰላምታዬን አልተቀበሉኝም። ደብዳቤያቸው ግን ያለ ምስክር ስለቀረ ብዙም አልሄደ። ካፒቴን ከምርመራ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። እኔም ከተላከልን ሌላ አብራሪ ጋር የቀረውን ጨረስኩ፤ ከመነሣታችን በፊት የምጠይቀውን ሁሉ ጠይቄ፣ አየር ላይ ምላሴን ነክሼ።

ከወራት በኋላ ለሥራ ወደዚያችው የዘንገና መንደር በእግሬ ሄድኩ። አያ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ የደረቀ ደናቸውን እያሳዩኝ ሳለ ቆም አሉና በጎን አዩኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን አውሮፕላኑ ዛፋችን ላይ የወረደው መርዝ ሊረጭ ነው አይደል? ምራቴ እንጨት ተሸክማ ነበር፤ ከላይዋ ሲወርድ አይታዋለች።»

«አይደለም አባቴ። እኔ ውስጡ ነበርኩ። ሊወድቅ ነበር።»

«ለምን ይወድቃል? ነፋስ እንኳ አልነበረ።»

«እኔ ነኝ። አብራሪው ሲዞሩ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ወደ እኔ ሲያዩ ጊዜ ነው።»

አያ ጓንጉል አጠገባቸው ለቆመው ሰው በአዊኛ አንድ ነገር አሉት፤ ሰውዬው አፉን ይዞ ሳቀ።

አዊኛ በደንብ ስለማልሰማ «ምን አሉ?» አልኩት።

«በአንድ ጥያቄ አውሮፕላን ይወድቃል ወይ፣ ይህች ልጅ የምትደብቀው ነገር አላት ነው የሚሉት» አለኝ።

ምራታቸውን እንዲያስጠሩልኝ ለመንኳቸው። መጣች። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሦስት ቀን ጆሮዬ ሲጮኽብኝ ነበር» አለችኝና ጨበጠችኝ። አያ ጓንጉል ግን እስክሄድ ድረስ ከላይ እስከ ታች ሲመረምሩኝ ቆዩ። እንዳላመኑኝ አውቃለሁ። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ አላምንም ነበር።

አሁንም ተጠራጣሪ ነኝ። አልተውኩትም፤ መተውም አልፈልግም። በመጠየቄም አላፍርም፤ ጥያቄው ትክክል ነበር። የማፍረው ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ አብሬያቸው እየበላሁ፣ እየጠጣሁ ዝም ብዬ፣ መዳፋቸው በተነሣበት ሰዓት አፌን በመክፈቴ ነው። ይህንንም ለሰው ስናገር አሁንም ድረስ ፊቴ ይግላል።